በራሱ እግር የሚወጣ ውሃ

ኑርሁሴን ደህና ሱሪ እየቀደደ ማሰፋት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። የመጀመሪያው ቀዳዳ እንኳ እውነተኛ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ። ከሚሴ ወርዶ፣ መንገድ ዳር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ለምትሠራ ሴት ሰጣት። ሴትዮዋ ቶይባ ትባላለች። ሱሪውን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይሄ ተንበርክኮ ቧንቧ የሚፈታ ሰው ሱሪ ነው» አለች። እውነትም ኑርሁሴን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ከጉልበቱ ያነበበችለት ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመውም ነበርና እዚያው አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀዳዳዎች በሙሉ የገዛ እጁ ሥራ ናቸው። በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ ያልተሰፋ ሱሪ ጠፋ።

ቶይባ ደግሞ ጨርቅ ታውቃለች፤ በሽቦ የተቀደደውንና በምላጭ የተቀደደውን ትለያለች። አንድ ቀን መቀሷን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ሰው፣ የምትለው ነገር ካለ በል እንጂ፤ ጨርቁ ምን በደለህ?»

ኑርሁሴን መንገድ ለመንገድ ሲያጠናው የከረመ ረጅም ንግግር ነበረው። አንዱም አልመጣለትም።

«አግቢኝ» አለ፤ በቃ።

አርባን የተሻገረ ሰው እንዲህ ብሎ ሲደርቅ ማየት ያስቃል፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ቤትህ የት ነው?» አለችው። እሱም ከጨፋ ሸለቆ በላይ የተጋደመውን ተረተር በጣቱ አሳያት። ያኔ ሳቀች።

«እኔ ዳገት ላይ ተወልጄ፣ ዳገት ላይ ተዳርኩ። ይሄ ትከሻዬ ውሃ ሲሸከም ነው የኖረው። ባሌ ሲሞት ከተማ የወረድኩት ንግድ ፍለጋ ይመስላቸዋል፤ ወላሂ ቧንቧ ፍለጋ ነው። አሁን ግቢዬ ውስጥ ቧንቧ አለ። ስከፍተው ይመጣል፣ ስዘጋው ይቆማል። አንዳንዴ እንዲሁ ከፍቼ አየዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ውሃው በራሱ እግር ተረተርህ ላይ የወጣ ቀን ሽማግሌ ላክ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አልፈልግህም» መባሉ ገብቶት ሱሪውን ጠቅልሎ ይሄድ ነበር። ኑርሁሴን ግን እንደ ሥራ ትእዛዝ ቆጠረው። ወደ ቤቱ ዳገቱን ሲወጣ የሚያስበው ስለ ቶይባ ልብ አልነበረም፤ ከወንዙ እስከ ደጁ ስንት ጥቅል ጎማ እንደሚፈጅ ነበር።

«አንተ ለምን ከተማ አትወርድም?» የሚል ይኖራል። እናቱ ዘይና ናት ምክንያቱ። ዘይና ከዚያ ተረተር ለውሃ ካልሆነ ወርዳ አታውቅም። «አባትህን እዚህ ቀብሬ የት ልሂድ?» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። እንዲህ ሆኖ የከሚሴን ሰው ቤት ሁሉ ውሃ ሲያስገባ የሚውለው ኑርሁሴን፣ የራሱ ቤት ውሃ የሚገባው በእናቱ ጀርባ ነበር። እሱ ቤት ሲኖር እሱ ይወርዳል፤ ሥራ ሲሄድ ግን «አትውረጂ» ብሎ ተቆጥቶ በሄደ ቁጥር ሲመለስ ጀሪካኑ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ይሄ ነገር ከቶይባ በፊትም ያሳፍረው ነበር። በፓምፕ እንዳይስብ የመብራት ምሰሶው ሸለቆውን ይዞ ያልፋል እንጂ ወደ ተረተሩ ዞር ብሎ አላየም። ጄኔሬተር እንዳይገዛ ነዳጅ ይጠጣል፤ ነዳጁንስ ማን ተሸክሞ ያወጣዋል?

መላው የተገኘው ከሚሴ፣ ቁራሌዎች ብረት የሚያከማቹበት ግቢ ውስጥ ነው። የመኪና ቸርኬና የተጣመመ ቆርቆሮ መሀል የተደፋ እንስራ የሚመስል ከባድ ብረት ወድቆ አየ። ባለቤቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ኑርሁሴን ግን ልቡ ዘለለ። ገና ሥራ ሲለምድ አንድ የድሮ እርሻ ላይ ይሄንኑ የሚመስል አይቶ ነበር፤ ያለ መብራት፣ ያለ ነዳጅ፣ ቀን ከሌት ጠቅ ጠቅ እያለ ውሃ ሽቅብ የሚገፋ። ብረቱን በአህያ አስጭኖ ወንዙ ዳር ሊያደርስ ሲል አህያዋ ግማሽ መንገድ ላይ ተኛች። የቀረውን መንገድ ከጎረቤቱ ከሙህዲን ጋር በእንጨት አንጠልጥለው ወሰዱት።

ሙህዲን ይሸከማል እንጂ አፉ አያርፍም። «ኑሬ፣ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው» አለው እያለከለከ። «ይሄን እንኳን እኔ በሬዬም ያውቀዋል።»

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለሚያምን ሰው። ከወንዙ ከፍ ካለው ኩሬ ውሃው በብረት ቧንቧ እየተንደረደረ ይወርድና ብረቱ ላይ ባለች የክዳን በር ወደ ውጭ ይፈሳል። ፍጥነቱ ሲበረታ ራሱ ውሃው ክዳኗን ወደ ላይ ገፍቶ ጠቅ አድርጎ ይዘጋታል። እየሮጠ የመጣ ውሃ ድንገት በር ሲዘጋበት መሄጃ ያጣል፤ ጥቂቱ በቀጭኑ ጎማ ወደ ላይ ይሸሻል። ወዲያው ክዳኗ በክብደቷ ትወድቃለች፣ ውሃው እንደገና ይፈሳል፣ እንደገና ይዘጋል። ብዙው እየፈሰሰ ጥቂቱን ዳገት ያስወጣል ማለት ነው።

በወሬ እንዲህ ነው። በሥራ ግን ክዳኗ አንዴ አልዘጋ፣ አንዴ አልከፈት እያለች ኑርሁሴንን አበሳጨችው። የነበራት ቆዳ በስብሶ ስለነበር የመኪና ከመናዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ እየቆረጠ ያለብሳታል፤ ትወፍርበታለች፣ ትቀጥንበታለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወንዙ ዳር ቆሞ ይመክረዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ የአስርን ሶላት ሰግዶ ተመልሶ ክዳኗን በጣቱ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን ሲያደርጋት፣ ጠቅ አለች። ደገመች። እጁን አነሳ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

ሽቅብ ሮጦ ደጁ ሲደርስ ዘይና የጎማውን ጫፍ አፍጥጣ እያየች ነበር። ጎማው አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃ አመጣ። ብዙ አይደለም፤ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት አለው። ግን አያቋርጥም። ዘይና «ቢስሚላህ» ብላ በመዳፏ ተቀበለችና ጠጣች። ከዚያ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ኑርሁሴን ከውጭ ሆኖ ስታለቅስ ሰማት። ሙህዲንም መጥቶ እጁን ከጎማው ስር አድርጎ ቆየና፣ «እሺ፣ ለበሬዬ እነግረዋለሁ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች የሚሰማውን ጠቅታ የሰፈሩ ሰው «የኑርሁሴን ልብ» እያለ ጠራው። ለማን እንደሚመታ ሁሉም ያውቃል። ኑርሁሴን በርሜል አስቀመጠ፣ ከበርሜሉ ስር ቧንቧ ገጠመ፤ ከዚያ አዲስ፣ ያልተቀደደ ሱሪ ለብሶ ከሚሴ ወረደ።

«ወጣ» አላት ቶይባን።

የስፌት መኪናዋ ቆመ። «ምኑ?»

«ውሃው። በራሱ እግር።»

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለች ቶይባ። «ሐሙስ አጎቴን ይዤ እመጣለሁ። ወጥቶ ካየሁት፣ ያልኩት ቃል ቃል ነው። ካልወጣ ግን ሱሪህን ሌላ ቦታ አሰፋ።»

«አብሽሪ» አላት ኑርሁሴን። እንደዚያ ቀን ደፍሮ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት በርሜሉን ደፍቶ ውስጡን አጠበ። የቆየ ውሃ እንዲያዩ አልፈለገም፤ አዲሱ እየወረደ ቢያዩት ይሻላል ብሎ ነው። ባዶውን በርሜል ከጎማው ስር መልሶ አቆመና ፂሙን ሊስተካከል ሙህዲን ቤት ሄደ። ዘይና በበኩሏ ገንፎው የሚቀርብበትን ሳህንና ብርጭቆ ማጠብ ነበረባት፤ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ዕቃውን በሳፋ ሰብስባ እንደ ድሮው ወንዝ ወረደች። ይሄን ኑርሁሴን አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችው።

ፂሙን ተስተካክሎ፣ ሽርጡን አሳምሮ፣ ኮቱን ደርቦ ሲመለስ አንድ ነገር ጎደለው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም። ወፍ ይንጫጫል፣ ከብት ያገሳል፣ ዘይና ወጥ ቤት ገንፎ ታገነፋለች። ከዚያ ገባው። ጠቅታው የለም። ወደ በርሜሉ ሮጠ፤ ውስጡ እንኳን ሊቀዳ ለአንድ ሰው ውዱእ የማይበቃ ውሃ ተኝቷል። ጎማው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ልውደቅ አልውደቅ ትላለች።

ወደ ታች ሊሮጥ ሲል እንግዶቹ ደጁ ላይ ብቅ አሉ።

ፊት የመጡት አጎቷ አቡበከር ናቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ያለከልካሉ። «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጡ። ዘይና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ «ነገያ፣ አልሃምዱሊላህ! ግቡ፣ ግቡ!» አለች። አቡበከር ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው፣ «ውሃችሁ እንደኔ ከሆነ የሚወጣው አላህ ይርዳው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ከኑርሁሴን በቀር። ቶይባ ከኋላቸው ቆማለች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ አዲስ ነው፤ ራሷ የሰፋችው መሆኑ ያስታውቃል።

«እስቲ እንየው» አለች።

ኑርሁሴን ምን ያድርግ? የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተው። ቧንቧው ሳል ሳል አለ፣ የምላስ ያህል ውሃ ጣለ፣ ቆመ። ሰላም ሊል የመጣው ሙህዲን መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ይሄ ነው?» አሉ አቡበከር።

ኑርሁሴን ቶይባን አየ። ትስቅብኛለች ወይ ትቆጣለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ፊቷ ወደቀ። እንደ ልጅ ከንፈሯን ነክሳ አረንጓዴውን ቀሚሷን ቁልቁል አየች። ያኔ ኑርሁሴን ከወራት በፊት ሊገባው የሚገባ ነገር ገባው። ይህች ሴት ውሃው እንዲወጣ ትፈልግ ነበር። ያን ቃል ስትናገር እምቢ ማለቷ አልነበረም፤ መንገዱን ማሳየቷ ነበር። እሱ ደግሞ ይሄን ያወቀው ውሃው በቆመበት ሰዓት ነው።

«ትንሽ ታገሡኝ» አለና ቁልቁል በረረ። ሽርጡ እያደናቀፈው፣ ኮቱ እየተውለበለበ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በመቀመጫው ወረደ። በመንገዱ ሁሉ ጥፋተኛ ይፈልጋል። የትኛው ከብት ረግጦት ነው? ኩሬው ደርቆ ይሆን? ደርሶ ሲያየው ኩሬው ሞልቷል፣ ቧንቧው ደህና ነው፣ ብረቱ በቦታው ቆሟል። ክዳኗ ብቻ ወደ ላይ ተስባ በጨርቅ ታሽጋ፣ በገመድ ጥርቅም ተደርጋ ታስራለች። አንድ ጠብታ አይወጣባትም።

«ማነው ይሄን የሠራ!» ብሎ ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ያን ሰው ቢያገኘው ወንዙ ውስጥ ይነክረው ነበር። ቢላ የለውም፤ ቁጭ ብሎ ቋጠሮውን በጥርሱና በጥፍሩ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ዞሮ፣ ተሽሎክሉኮ፣ ከስር የሚመለስ ነው። ጣቶቹ ግን ሳያስብ አወቁት። ይሄን ቋጠሮ ከልጅነቱ ጀምሮ ሺህ ጊዜ ፈትቶታል፤ ከእናቱ ጀርባ ላይ ጀሪካን ሲያወርድላት። ገመዱም የእሷ ነው። የትከሻ ቦታው በመሸከም ብዛት ልሟል፣ ጠቁሯል።

ንዴቱ ወዴት እንደሄደ አላወቀም። ሳቁ መጣበት፤ ዓይኑም አብሮ እንባ አዘለ። እሷ ናታ! ሳህን ልታጥብ ወርዳ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ሲፈስ አይታ፣ አላስችል ብሏት። ዕድሜ ልኳን ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ እግር የምትታጠብበት፣ እግር የታጠበችበትን ለሎሚው ዛፍ የምታጠጣ ሴት ናት። እሷ ቆማ እያየች ውሃ ሊፈስ?

ገመዱን ፈታ፣ ጨርቁን ነቀለ፣ ክዳኗን በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ገመዱንስ ምን ያድርገው? እዚያ ቢተወው ነገ ተመልሳ ታስርበታለች። ይዞት ቢወጣ እንግዶቹ ያዩታል፤ እናቱ ልጇን ለመዳር ከሱ በላይ ስትጨነቅ የከረመች ሴት፣ ሰርጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ ታፍራለች። ይሄንማ አያደርገውም። ጠቅልሎ ኮቱ ስር ወሸቀው።

ገና ግማሽ ዳገት ላይ እያለ የሙህዲን ድምፅ ከላይ ተሰማ። «ቢሻን ዱፌ! ውሃው መጣ! መጣ!» ያ ሰው ለገዛ ልጁ ልደት እንዲያ አልጮኸም።

ኑርሁሴን ሲደርስ ቶይባ ሁለት መዳፏን ከጎማው ስር ዘርግታ ቆማለች። ውሃው ሞልቶ በክንዷ ላይ እየወረደ አዲሱን ቀሚሷን ያርሰዋል፤ ግድ አልሰጣትም። ቀና ብላ አየችው። እሱም እያለከለከ ውሃውን በጣቱ አሳያት።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አሉ አቡበከር። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ የወንድማቸውን ልጅ በሚቆም ውሃ አይሰጡም።

«ሳር ነው፣ ጋሼ» አለ ኑርሁሴን። «ሳር ገብቶበት። ወንፊት ማድረግ ነበረብኝ፤ የኔ ጥፋት ነው።»

«ሳር ብቻ?»

«ሳር ብቻ።»

ይሄን ሲል ከኮቱ ስር ያመለጠው የገመድ ጫፍ ከኋላው መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። ያየችው ዘይና ናት።

«ገመዴ!» አለች። «አንተ ልጅ፣ ገመዴን የት ታደርሰዋለህ? ለምን ፈታኸው? ስንት ደክሜ አስሬው!»

ኑርሁሴን በዓይኑ «ዝም በይ» አላት። ዘይና ግን የዓይን ነገር አልገባትም፤ ይልቅ ለአቡበከር ታስረዳ ጀመር። «ወንዝ ወርጄ ባየው፣ ያ ብረት ውሃውን ዝም ብሎ ይደፋዋል! ይሄ ሁሉ እየፈሰሰ ይህን ያህል ከወጣ፣ መፍሰሻውን ብዘጋው ሁሉም ይወጣል ብዬ፤ ለእንግዳ ይትረፍረፍ ብዬ! ደሞስ ይሄን የመሰለ ንጹሕ ውሃ እንዲያ በከንቱ ማባከን ኢስራፍ አይደለም? ወንጀል አይደለም?»

ዘይና የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየች። መጨረሻ የልጇ ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ ነኝ እንዴ ያቆምኩት?»

«እማ፣ የሚፈሰው ነው የሚወጣውን የሚገፋው» አለ ኑርሁሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ምን አጠፋሽ። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

አቡበከር ዱላቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። «ታዲያ ሳር ነው ያለው ይሄ ሰው ዋሽቶኛል ማለት ነው።»

«ዋሽቷል» አለች ቶይባ። «መዋሸትም አይችልበትም።» መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እርጥብ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሙህዲን ተከተላት። ኑርሁሴን ገመዱን ይዞ በመሀላቸው እንደ ተያዘ ሌባ ቆመ።

ዘይና ግን አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቶይባ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኑርሁሴን ሄደችና ገመዱን ከእጁ ወሰደችው። በጣቶቿ እየዳበሰች የለሰለሰው ቦታ ላይ ደረሰች፤ እዚያ ቆመች። የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ዳገት እንደወጣበት ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወደ አሮጊቷ ቀረብ ብላ ገመዱን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«እማ» አለቻት፤ እንደ ልጇ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ፍየል እሰሩበት። ሰው አይታሰርበትም።»

ዘይና ገመዱን ተቀበለች። አንድ ነገር ለማለት ብትፈልግም የመጣላት ሌላ ነገር ነው።

«ፍየል የለንም እኮ፣ ልጄ።»

ቶይባ ወደ አጎቷ ዞረች። አቡበከር እሷን አዩ፣ ዘይናን አዩ፣ ያን ዋሾ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ፍየሉን ለኒካው እኔ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። «አሁን አሚን በሉ።»

ሁሉም እጁን ዘረጋ።